ሁለተኛው ምት

ዛሬ ማታ ቀኝ ቁርጭምጭሚቴ ዝሏል። ሦስት ወር ሙሉ ድራም ላይ እግሬን አንድ ነገር ብቻ ሳስተምረው ከረምኩ፤ አንደኛውን ምት ቀለል፣ ሁለተኛውን ከበድ አድርጎ መርገጥ።

ሳምባን፣ የብራዚልን የጭፈራ ሙዚቃ፣ የጀመርኩት ከቪዲዮ ነው። ቀኝ እግር ቤዝ ድራሙ (በፔዳል የሚመታው ትልቁ ከበሮ) ላይ ዱም ዱዱም ዱዱም ይላል፣ ግራ እግር በየመሃሉ ሃይሃቱን (በፔዳል የሚጋጠሙትን ሁለት የብረት ሳህኖች) ይዘጋል፣ እጅ ስኔሩ (ጥርት ያለ ድምፅ ያለው ትንሹ ከበሮ) ላይ ይሮጣል። በሁለት ሳምንት ለመድኩት። ቀድቼ ሳዳምጠው ግን የወታደር ሰልፍ ሆነብኝ። ሰው ከመቀመጫው አያስነሳም።

ቅጂውን አብሮኝ ለሚጫወተው ብራዚላዊ ቤዝ ጊታሪስት አሰማሁት። እስከ መጨረሻው ሰማና "ሱርዶው የታለ?" አለኝ።

ሱርዶ የሳምባ ትልቁ ከበሮ ነው። የብራዚሏ ከተማ የሪዮ የሳምባ ትምህርት ቤቶች (ትምህርት ቤት ይባሉ እንጂ የሰፈር ማኅበራት ናቸው) ለካርኒቫል ሲወጡ ከ200 በላይ መቺ ያሰልፋሉ። ያን ሁሉ ሰው የሚይዘው ሱርዶ ነው። አንዱ በወፍራሙ ሁለተኛው ምት ላይ ይመታል። ሌላው ቀጠን ብሎ አንደኛው ላይ ይመልስለታል። ሦስተኛው በመካከል እየገባ ያሞቀዋል። ታዲያ ሁለተኛው ምት ላይ የሚመታው ነው "የመጀመሪያው ሱርዶ" የሚባለው! ማንጌራ የተባለው ማኅበር እንዲያውም ያለ መላሽ ሱርዶ በመጫወቱ ይታወቃል። እኔ ግን ሁለቱንም ምቶች እኩል ስደቁስ ነበር።

ሱርዶን የፈጠረው ቢዴ የሚባል በሪዮ የኤስታሲዮ ሰፈር ጫማ ሠሪ ነው ይባላል። በ1920ዎቹ እ.ኤ.አ. መጨረሻ ከትልቅ የቅቤ ጣሳ ሠራው ይላሉ። መንገድ ላይ እየሄዱ የሚጨፍሩበት ምት ነው። ይህን ካነበብኩ በኋላ ከድራሙ ተነሥቼ ሳሎን ውስጥ እየተራመድኩ በአፌ ማለት ጀመርኩ፦ ቱ... ዱም። ቱ... ዱም።

የረዳኝ ሌላ ነገርም አለ። ልጅ ሆኜ ቤተ ክርስቲያን የሰማሁት ከበሮ ሰፊ አፍና ጠባብ አፍ አለው፤ አንዱ ይጠራል፣ አንዱ ይመልሳል። ሪትሙ ሌላ ነው። መጠራራቱን ግን ጆሮዬ ድሮም ያውቀዋል።

ከዚያ ወደ ፍሎር ቶሙ፣ ወለል ላይ ወደሚቆመው ወፍራም ድምፅ ያለው ከበሮ፣ ሄድኩ። አንደኛው ላይ ግራ መዳፌን ቆዳው ላይ ጫን አድርጌ እመታለሁ፤ ድምፁ ይታፈናል። ሁለተኛው ላይ መዳፌን አነሣለሁ፤ ወለሉ ድረስ ይነዝራል። እግሬ የሚከተለውን ያገኘው ያኔ ነው።

እጄ ገና ነው። በአንድ ምት ውስጥ ያሉት አራት ትንንሽ ምቶች እኩል አይደሉም። አራተኛው ቀደም ብሎ ይመጣና ቀጣዩ ከመድረሱ በፊት ትንፋሽ ታህል ክፍተት ይተዋል። ምትን እኩል የሚቆጥረው መሣሪያ፣ ሜትሮኖም፣ ይህን አያስተምርም። የሪዮን መቺዎች እየሰሙ አብሮ መምታት ብቻ ነው መንገዱ። ስኔር ላይ የማበዛውን ጌጥም ትቻለሁ። የ200 ሰው ሥራ በሁለት እጅና በሁለት እግር አይሠራም፤ መምረጥ ግድ ነው፣ እኔ ሱርዶውን መርጫለሁ።

ዛሬ ልምምድ ላይ ከቤዝ ጊታሩ ጋር ገባን። ወዳጄ ዓይኑን ጨፈነ። አራት ዙር እንደሄድን ትከሻው መወዝወዝ ጀመረ፣ ሁለተኛው ምት ላይ ብቻ። ስንጨርስ "አሁን መጣ" አለኝ። ቀጥሎ ፍጥነቱን እንድቀንስ ጠየቀኝ።

ነገ በደቂቃ ከ80 ምት እጀምራለሁ።