ቫልቭና ፒስተን እንዳይነካኩ፦ ኮምቦልቻ ላይ የሠራናት ሞተር

ከኮምቦልቻ ደሴ ለመግባት ሐረጎን መውጣት ግድ ነው። መንገዱ ረጅም አይደለም፤ ዳገቱ ግን ሞተር ይፈትናል። ኮምቦልቻ 1,850 ሜትር ገደማ ላይ ናት፣ ደሴ ደግሞ ወደ 2,500 ትጠጋለች። እዚያ ከፍታ ላይ አየሩ ይሳሳል። ቱርቦ የሌለው ሞተር ባሕር ጠለል ላይ ከሚሰጠው ጉልበት ሩብ ያህሉን ያጣል። ደንበኛዬም የመጣው በዚሁ ጉዳይ ነው። «ወንድሜ፣ እቺን ኮሮላ ዳገት ላይ ነፍስ ዝራባት» አለኝ።

ሞተሯ 4ኤ-ኤፍኢ ናት፤ 1.6 ሊትር፣ 16 ቫልቭ። ሁለት ነገር ለማድረግ ተስማማን። አንደኛው የቴስታታውን (ቫልቮቹን የያዘውን የሞተሩን ክዳን) ፊት 0.8 ሚሊ ሜትር አስልጎ ኮምፕሬሽኑን (ፒስተኑ አየሩን የሚያምቅበትን ልክ) ከ9.5 ወደ 10 አካባቢ ማውጣት ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ይህን ያህል ጭማሪ ሳያንኳኳ ይሸከማል። ሁለተኛው ቫልቩን ከፍ አድርጎ፣ ረዘም ላለ ጊዜ የሚከፍት ካምሻፍት መግጠም ነው። ሁለቱም ሥራዎች ቫልቩን ወደ ፒስተኑ ያስጠጉታል።

ካምሻፍቱን ስለሚያዞረው ቤልት ጋራዥ ውስጥ «እቺ ሞተር ቤልት ቢበጠስባት እንኳ ቫልቭ አታጣምም» ሲባል እሰማለሁ። ፋብሪካ እንደሠራት ከሆነች ልክ ነው። ቴስታታው ከተላገና ካሙ ከተቀየረ በኋላ ግን ያ ወሬ አይሠራም። መለካት ብቻ ነው ያለው።

አንድ ብዙዎች የማያስቡት ነገር ደግሞ አለ። ቴስታታው ሲላግ ካሙ ወደ ክራንክሻፍቱ (ፒስተኖቹ ወደሚያዞሩት ዋና ዘንግ) ይቀርባል፣ ስለዚህ ቤልቱ በሚጎትተው በኩል ይላላል። ያንን ልልነት መወጠሪያው በሌላው ጎን ሲሰበስበው ካሙ ትንሽ ወደ ኋላ ይቀራል። ካም ሲዘገይ የጭስ ማውጫ ቫልቭ ዘግይቶ ይዘጋል፣ ፒስተኑም እየወጣ ይደርስበታል። የአየር ማስገቢያው ቫልቭ በተቃራኒው ይርቃል። ስለዚህ ቴስታታ ያስላገ ሰው መጀመሪያ የሚያሰጋው የጭሱ ቫልቭ ነው።

ለመለኪያ የተጠቀምኩት ልጆች ትምህርት ቤት የሚጫወቱበትን ፕላስቲሲን ነው፤ ደሴ ፒያሳ የጽሕፈት መሣሪያ መደብር ይገኛል። የሸክላ አፈር አልመክርም፣ ውስጡ አሸዋ ስላለው የሲሊንደር ግድግዳ ይጭራል። የፒስተኑን አናት ጠርጌ ፕላስቲሲኑን ቫልቮቹ በሚያርፉበት ቦታ ላይ ደፍደፍ አድርጌ ለጠፍኩ። እንዳይጣበቅ የቫልቮቹን ፊት በጣቴ ሞተር ዘይት ቀባሁ። ጋስኬቱ (ከቴስታታው ሥር የሚገባው ማሸጊያ) የድሮው ነበር፣ ቀድሞ ተጨፍልቆ ልኩን የያዘ። ያልተጨፈለቀ አዲስ ጋስኬት ላላ አድርጎ ከተሞከረ የሌለ ክፍተት ያሳያል። ቴስታታውን በቶርክ ሬንች እስከ ልኩ አጠበቅሁ፣ የካምና የቫልቭ ክፍተቱን በሺም (በስስ የብረት ሳህን) አስተካከልሁ፣ ቤልቱን ወጠርሁ። የቫልቭ ክፍተት ሰፍቶ ከተለካ ቫልቩ ከሚወርደው ያነሰ ስለሚወርድ ቁጥሩ ይዋሻል።

ከዚያ ካንዴላዎቹን አውጥቼ ክራንክሻፍቱን በእጅ ሁለት ሙሉ ዙር አዞርኩ፣ ሁልጊዜ ሞተሩ በሚዞርበት አቅጣጫ። ሁለት ዙር የሆነው ካሙ አንድ ጊዜ የሚዞረው በሁለት የክራንክ ዙር ስለሆነ ነው። እጅ ላይ ድርቅ ያለ ነገር ከተሰማ ማቆም ነው፣ በቁልፍ መግፋት የለም።

ቴስታታው ሲነሳ ፕላስቲሲኑ ላይ አራት ጨረቃ የመሰሉ ጎድጓዶች ተቀምጠው ነበር። ሁለቱ ሰፊ፣ ሁለቱ ጠበብ ያሉ። በምላጭ መሐል ለመሐል ሰነጠቅኋቸውና ከሁሉ የሳሳውን ቦታ በካሊፐር ለካሁ። ማስገቢያው 2.8 ሚሊ ሜትር ሆነ፣ ጭሱ 1.9። የብረት ቢዬላ (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ የሚያገናኝ ዘንግ) ላለው ሞተር በተለምዶ የሚጠየቀው ትንሹ ልክ ለማስገቢያ 2 ሚሊ፣ ለጭስ 2.5 ሚሊ ነው። ጭሱ የሚበልጠው ቫልቩ በሙቀት ስለሚረዝም ነው። በዚያ ላይ ሞተሩ ሲጮህ ሞላው ቫልቩን በጊዜ ካልመለሰው ከኋላ የሚመጣው ፒስተን ይመታዋል።

ፕላስቲሲን ስንት እንደሆነ ይነግራል እንጂ የት ላይ እንደሆነ አይነግርም። ለዚህ ዲግሪ የታተመበት ወረቀት ክብ ሰሌዳ ላይ ለጥፌ ክራንክሻፍቱ ላይ አሰርኩ። አደጋው ያለው ፒስተኑ አናቱ ላይ ሲደርስ ይመስላል፤ አይደለም። ጭሱ የሚቀርበው ፒስተኑ ሊደርስ 10 ዲግሪ ያህል ሲቀረው ነው፣ ማስገቢያው ደግሞ ካለፈ ከ10 ዲግሪ ያህል በኋላ። አናት ላይ ብቻ የለካ ሰው ትክክለኛውን ቁጥር አላየም።

ወፍራም ጋስኬት ማስገባት ይቻል ነበር፣ ግን ያስላግነውን መልሶ መብላት ነው። እኔ የመረጥኩት ፒስተኑ አናት ላይ ለጭስ ቫልቩ የተተወውን ጉድጓድ 0.8 ሚሊ ማጥለቅ ነው። ቶርኖ ቤት ያሉት ሽማግሌ ግን ወዲያው እሺ አላሉም። «ልጄ፣ ከሥሩ ስንት ሥጋ አለው?» አሉኝ። ልክ ናቸው። ከዚያው ዓይነት ሞተር የወጣ አሮጌ ፒስተን ፈልገን በመጋዝ ለሁለት ሰነጠቅን፣ የአናቱን ውፍረት ዓይናችን እያየ ለካን፣ ከዚያ ብቻ ቆረጡ። አራቱንም እኩል፤ ስለታም ጠርዞቹን በብርጭቆ ወረቀት አለዘብን፣ ሚዛን ላይ አስቀምጠን አመሳሰልን። ኮምፕሬሽኑ ከዚህ የተነሳ ትንሽ ወረደ፣ ያም የሚጠበቅ ነው።

በድጋሚ ስንለካ ጭሱ 2.7 መጣ። ወደ ጎንም፣ ማለትም በቫልቩ ጠርዝና በጉድጓዱ ግድግዳ መካከል፣ 1.5 ሚሊ ያህል መኖሩን አረጋገጥን፤ እሱን ብዙ ጊዜ ይረሱታል። አንደኛውንም አራተኛውንም ሲሊንደር ለካሁ፣ ቴስታታ ወደ አንድ ጎን አዘንብሎ ሊላግ ስለሚችል።

ቁጥሮቹን በሙሉ ወረቀት ላይ ጽፌ ለመኪናው ባለቤት ሰጠሁት። ነገ ሞተሩ ሞቆበት ሌላ መካኒክ ቴስታታውን ድጋሚ ላስልግ ቢል፣ ስንት እንደቀረው ማየት አለበት።