ከእምዬ ጓሮ፦ ጤና አዳም ክንዴን አቃጥሎ ያስተማረኝ

መነሻው ፎሮፎር ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ጥቁር ልብስ ትቼ ነበር። አዲስ አበባ ያልሞከርኩት ሻምፖ የለም ማለት ይቻላል። ባለፈው ጥቅምት ፈቃድ ወጥቼ ደብረ ማርቆስ አያቴ ዘንድ ስሄድ፣ ይሄን ጉድ በጓሮ ቅጠል ገላግዬው እመጣለሁ ብዬ ነው የተነሳሁት። ደብተር ሁሉ ይዤ ነበር። በአንድ በኩል የቅጠሉ ስም፣ በሌላ በኩል የሚያድነው በሽታ። ሁለት ዓምድ ብቻ።

አያቴን እምዬ ነው የምንላት። ደብተሩን አይታ ሳቀች። "ይኸ እኮ ስም ነው፤ ስሙንማ ሕፃኑም ያውቀዋል" አለችኝ። ያኔ አልገባኝም።

ጓሮዋ ትልቅ አይደለም። አጥሩ ስሚዛ ነው፣ ሸዋ ሰንሰል የሚለው። ጥጉ ላይ ጋን የምታጥብበት ግራዋ አለ። ከማጀቱ ጀርባ እሬት፣ ከደጁ በስተቀኝ ዳማከሴ፣ ከሱ ጎን ጤና አዳም። ማርቆስ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ስለሆነች ነፋሻ ናት። ጥቅምት ላይ ግን ሰማዩ ጥርት ይልና ቀትር ላይ ፀሐዩ ይፋጃል። ይሄ ነገር ኋላ ላይ ዋጋ አስከፍሎኛል።

እምዬ በመጣሁ ማግስት ነግራኝ ነበር። "ጤና አዳም ስትቆርጪ ጧት ወይ ማታ ቁረጪ። ፀሐይ እየመታሽ እንዳትነኪው።" እኔ ይሄን ከቀትር ጋኔን ወሬ ጋር ደመርኩት። አዲስ አበባ ወስጄ የምተክለው ቅርንጫፍ ስፈልግ፣ በጠራራ ፀሐይ፣ እጄን እስከ ክርኔ ጠቅልዬ ገባሁበት። ቁጥቋጦውን አቅፌ ነው የቆረጥኩት ማለት ይቻላል። ሽታው ደስ ይላል፣ ለግማሽ ሰዓት አልወጣሁም።

የዚያን ቀን ምንም አልሆንኩም። በሁለተኛው ቀን ክንዴ ቀላ። በሦስተኛው ውኃ ቋጠረ። የሚገርመው ቅርጹ ነው፤ ቅርንጫፉ የነካበት ቦታ ሁሉ በእሳት የተሰመረ መስመር ይመስላል። ጤና ጣቢያ ስሄድ ነርሷ ገና እንዳየችው "ጤና አዳም ስትቆርጪ ነበር?" አለችኝ። ጭማቂው ውስጥ ፉራኖኩማሪን የሚባል ነገር አለ። ቆዳ ላይ ሆኖ ፀሐይ ሲያገኘው ያቃጥላል። የሎሚና የበለስ ጭማቂም እንዲሁ ያደርጋል አለችኝ። ቁስሉ ቶሎ ዳነ። ቡናማ ጠባሳው ግን ሁለት ወር አብሮኝ ቆየ።

ያን ማታ ደብተሬ ላይ ሦስተኛ ዓምድ አሰመርኩ፦ "እንዴትና መቼ"።

ተማርኩ ማለት ግን አይደለም። ፌጦው ገና ነበር። እምዬ ለጭርትም ለፎሮፎርም ፌጦ ፈጭታ ትቀባለች። ፌጦ በደረቁ ሲፈጭ ጨዋ ነው፣ ሽታም የለው። ውኃ ጠብ ሲልበት ነው የሚነሳው። አፍንጫ የሚሰነጥቀው፣ ዓይን የሚያስለቅሰው ኃይል ያኔ ነው የሚፈጠረው፤ ከሰናፍጭ ጋር ዘመዳሞች ናቸው። እምዬ ቡና እያፈላች ቀባችኝና "አቦል እስኪወርድ ብቻ፣ ከዚያ ታጠቢ" አለች። ታጠብኩ። ትንሽ ሞቀኝ እንጂ ምንም አልሆንኩም፣ ማሳከኩም ጋብ አለልኝ።

እኔ ደግሞ ብልጥ ነኝ። በአቦል ይህን ያህል ከሠራ ሌሊቱን ቢያድርማ! በሦስተኛው ቀን ራሴ ለወስኩት፣ ቀባሁት፣ በፌስታል ጠቀለልኩትና ተኛሁ። እኩለ ሌሊት ላይ ጭንቅላቴ ላይ ምጣድ የተጣደ መሰለኝ። በጨለማ ጉድጓዱ አጠገብ ተንበርክኬ በጆግ ውኃ ሳፈስ እምዬ ኩራዝ ይዛ ወጣች። ምንም አላለችኝም። ቆማ አየችኝና "አቦል ነበር ያልኩሽ" ብላ ተመለሰች። ለሳምንት ራሴ ላይ ቆዳ እየተላጠ ይወርድ ነበር። ፎሮፎር ይሁን ቃጠሎ እኔም አልለየሁትም።

ቅቤውን ልንገራችሁ። አደስ የገባበት ለጋ ቅቤ ለደረቀ ፀጉር ወደር የለውም። ጫፉ መሰባበሩን ያቆማል፣ ያበራል፣ ሽታውም ሠርግ ሠርግ ይላል። ፎሮፎርን ግን አያድንም። ፎሮፎር ላይ እጁ ያለበት ፈንገስ ቅባት ይወዳል፣ ቅቤ ስትቀቡለት እየቀለባችሁት ነው። እኔን በመጨረሻ የገላገለኝ የቆዳ ሐኪም ያዘዘልኝ ኬቶኮናዞል የሚባል የፈንገስ መድኃኒት ያለበት ሻምፖ ነው። ለእምዬ ስነግራት አልከፋትም። "ታዲያ ቅቤ ለፀጉር ነው እንጂ ለራስ ቅል ማን አለሽ?" አለች።

እሬቱ ሳይጎዳኝ የተማርኩት ነው። ቅጠሉ ሲቆረጥ መጀመሪያ የሚወጣው ቢጫ ውኃ ነው ነገረኛው፤ ቆዳ ያሳክካል፣ ቢዋጥ ሆድ ያጣድፋል። እናቶች ጡት ለማስጣል የሚቀቡት መራራም እሱ ነው። እምዬ ቅጠሉን ዘቅዝቃ ግድግዳ ላይ ታስደግፈዋለች። ቢጫው ተንጠፍጥፎ ሲያልቅ ትልጠውና ነጩን ዝልግልግ ታጥበዋለች። ፀሐይ ለመታው ፊትና ለደረቀ ቆዳ እሱን እስካሁን እጠቀማለሁ።

ዳማከሴ ደግሞ የምች ነው፣ ይሄን ለጎጃም ሰው መንገር ነውር ነው። ከንፈሬ ላይ ሽፍ ብሎ ራሴን ሲያመኝ፣ እምዬ እፍኝ ቅጠል በመዳፏ አሸችው። አረንጓዴው ጭማቂ በጣቶቿ መካከል ወረደ። ጥቂቱን ቡናዬ ላይ ጠብ አደረገች፣ የቀረውን ግንባሬንና አፍንጫዬን አሸችኝ። ማታውኑ ቀለለኝ። እዚህ ላይ ግን አንድ ያላሰብኩት ነገር አለች፦ "ቆላ ወርዶ የመጣ ሰው ካተኮሰው ዳማከሴ አትቀጥቅጪለት። ለደም ምርመራ ላኪው።" ልክ ናት፣ ዓባይ በረሃ ወርዶ የመጣ ሰው ትኩሳት ወባ ሊሆን ይችላል። ቅጠል ስትቀጠቅጡ የሚጠፋው ሰዓት ነው የሚጎዳው።

ኮሶን አልነካሁም። ለጥገኛ ትሉ ኪኒን እያለ፣ ሲበዛ ዓይን የሚጎዳ ነገር ለምን እጠጣለሁ?

በደንብ የተሳካልኝ እንሶስላ ነው። ከገበያ ሥሩን ገዛን፣ አጥበን ወቀጥነው፣ እምዬ እጄንና እግሬን ለቅልቃ በጉሎ ቅጠል አሰረችኝ። እንደ ሕፃን ታስሬ አደርኩ፣ ውኃ ያጠጣችኝ እሷ ናት። ጧት ሲፈታ መዳፌ ደም የመሰለ ቀይ ሆኗል። ክረምቱን በጭቃ ተሰንጥቆ የከረመው ተረከዜም ለስልሷል።

ስመለስ የጤና አዳሙንና የዳማከሴውን ቅርንጫፎች በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልዬ ነው የተሳፈርኩት። ወደ 300 ኪሎ ሜትር ነው። ከደጀን ቁልቁል ወደ ዓባይ ስንወርድ ሙቀቱ ዳማከሴውን አጠወለገው፣ ጎሐ ጽዮን ላይ ውኃ ባላርከፈክፍበት አልቆለት ነበር። አሁን ሁለቱም የኮንዶሚኒየሜ በረንዳ ላይ በባልዲ አሉ። ጤና አዳሙን ልጆች የማይደርሱበት ጥግ አድርጌዋለሁ፣ የምቆርጠውም ሲመሽ ነው።

ባለፈው እሑድ የጎረቤቴ ሠራተኛ አንኳኳች። "እትዬ፣ ለቡና ጤና አዳም አለ ወይ ብለዋል።"

"ቤት ውስጥ እርጉዝ አለች?" አልኳት። ጤና አዳም ለነፍሰ ጡር አይሆንም፣ እምዬ ከታናሽ እህቴ ስኒ ላይ በጣቷ ስታወጣው አይቻለሁ።

ልጅቷ ግራ ገብቷት አየችኝ። "ኧረ የለችም፣ ቡና ብቻ ነው" አለች። ጀምበሯ እስክትጠልቅ ተቀምጣ እንድትጠብቀኝ ነገርኳት።