ሦስት ቀለም ወረቀት ቆራርጬ ያደልኩ ጊዜ

ነገሩ የጀመረው አንድ ስልጠና ላይ ነው። አሰልጣኙ ተማሪ ሦስት ዓይነት ነው አለን፤ በዓይኑ የሚማር፣ በጆሮው የሚማር፣ በእጁ እየነካካ የሚማር። እያንዳንዱን እንደየስልቱ ካላስተማራችሁት ልጁን ገደላችሁት ሊለን ምንም አልቀረውም። አመንኩ። ሒሳብ አስተማሪ ነኝ፤ ማንንም መግደል አልፈልግም። በሳምንቱ ልጆቹን መጠይቅ አስሞላሁ፣ ነጥባቸውን ደመርኩ፣ ሰማያዊ፣ አረንጓዴና ቀይ ወረቀት ቆራርጬ አደልኩ። ከዚያ በኋላማ ለአንድ ርዕስ ሦስት ዓይነት ዝግጅት ነው። ሌሊቱን ሙሉ መቀስና ማጣበቂያ።

ልጆቹ ወደዱት፤ አልዋሽም። አንዱን ግን ለምን ማስታወሻ እንደማይዝ ስጠይቀው «ቲቸር፣ እኔ'ኮ አረንጓዴ ነኝ፤ መስማት ይበቃኛል» አለኝ። ለቀልድ አይደለም፣ ኮስተር ብሎ ነው። እዚያው ክው አልኩ። ይህንን ያስተማርኩት እኔ ነኛ!

በነጋታው ለአንድ አንጋፋ መምህር አጫወትኳቸው። ሳቁና «እሺ ልጄ፣ ሰማያዊዎቹን እንደ አረንጓዴዎቹ ብታስተምራቸው ኖሮ ውጤታቸው ምን ያህል ይቀንስ ነበር?» አሉኝ። ዝም አልኩ። ምን እላለሁ?

ማንበብ የጀመርኩት ከዚያ ነው። ተመራማሪ አይደለሁም፤ ስታትስቲክስ የበዛበትን ገጽ ዘልዬ የማልፍ ሰው ነኝ። አንድ ልማድ ግን አወጣሁ። «ይሠራል ወይስ አይሠራም?» ብዬ ከመፈለጌ በፊት «እውነት ቢሆን ኖሮ ምን ማየት ነበረብን?» የሚለውን ወረቀት ላይ እጽፋለሁ። ለቀለሞቼ መልሱ ቀላል ነበር። በዓይን ይማራሉ የተባሉትን ለሁለት ትከፍላለህ፤ ግማሹን በሥዕል፣ ግማሹን በንግግር ታስተምራለህ። በጆሮ ይማራሉ የተባሉትንም እንደዚያው። ከዚያ ሁሉንም አንድ ዓይነት ፈተና ትፈትናለህ። ነገሩ እውነት ከሆነ የዓይኖቹ በሥዕል፣ የጆሮዎቹ በንግግር መብለጥ አለባቸው። የሥነ ልቦና ተመራማሪው ሃሮልድ ፓሽለርና ሦስት ባልደረቦቹ በ2008 እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶችም እንደዚሁ ናቸው) ልክ እንዲህ ያሉ ጥናቶችን ፈልገው ነበር። በዚህ መንገድ የተሠሩት በጣት የሚቆጠሩ ሆነው ተገኙ፤ ከነሱም ውስጥ በርካቶቹ ያሳዩት የንድፈ ሐሳቡን ተቃራኒ ነው።

ሰው ምርጫ የለውም ማለት አይደለም። እኔ ራሴ ቪዲዮ ከማየት ማንበብ እመርጣለሁ። ግን የወደድኩት መንገድ ሁሉ የበለጠ ያስተምረኛል ያለው ማነው? የሦስት ማዕዘን ቅርጽ ለሁሉም ልጅ መታየት አለበት፣ የቃል አነባበብ ደግሞ ለሁሉም መሰማት አለበት። መንገዱን የሚወስነው ትምህርቱ ነው።

ሁለተኛው ቅሌቴ ይብሳል። «ካነበብነው 10 በመቶ፣ ከሰማነው 20 በመቶ፣ ካየነው 30 በመቶ እናስታውሳለን...» እያለ ወደ ታች የሚሰፋውን ፒራሚድ ታውቁታላችሁ አይደል? እኔ በስላይድ አድርጌ ለባልደረቦቼ አቅርቤዋለሁ። በጭብጨባ! ምንጩን ስፈልግ ኤድጋር ዴል የሚባል አሜሪካዊ በ1946 ያሳተመው የልምድ ሾጣጣ ላይ ደረስኩ። እሱ የሣለው የማስተማሪያ ዓይነቶችን ከተጨባጩ ወደ ረቂቁ የሚደረድር ሥዕል ነው፤ አንድም መቶኛ የለበትም። ቁጥሮቹን ሌሎች ሰዎች ኋላ የለጠፏቸው ናቸው። የገረመኝ የነሱ መለጠፍ ሳይሆን የኔ አለመጠርጠር ነው። ሰውን ለክቶ 10፣ 20፣ 30 እያለ በአሥር በአሥር የሚሄድ ውጤት የሚያገኝ ማነው? ደግሞ እኔ የሒሳብ መምህር ነኝ እላለሁ።

ማፍረስ ከዚህ በላይ አልጣመኝም። የሚሠራውን መፈለግ ነበረብኝ። እዚህ ላይ ሮዲገርና ካርፒኪ የሚባሉ የሥነ ልቦና ተመራማሪዎች በ2006 ያወጡት ሙከራ ልቤን ወሰደው። ተማሪዎች አጭር ጽሑፍ አነበቡ። ገሚሱ ደግመው አነበቡት፣ ገሚሱ ግን ወረቀቱን ዘግተው ያስታወሱትን ጻፉ። ከ5 ደቂቃ በኋላ ሲፈተኑ ደግመው ያነበቡት በለጡ፤ 81 በመቶ ለ75። ከሳምንት በኋላስ? ደጋሚዎቹ 42 በመቶ፣ ዘግተው የጻፉት 56 በመቶ። ይህንን ሳይ አንዲት ተማሪዬ ፊቴ ድቅን አለች። ቢጫ ሃይላይተር ይዛ ትቀመጣለች። አንድ መስመር ትቀባለች፣ ቀጥላ የሚከተለውን፣ ገጹ ሙሉ ቢጫ እስኪሆን ድረስ፤ ያልተቀባው ርዕሱና የገጹ ቁጥር ብቻ ነው። አራት ጊዜ አንብባ ፈተና ላይ ግን እጇን አገጯ ላይ አድርጋ ጣሪያ ታያለች። «ቲቸር፣ ትናንት'ኮ ሁሉንም አውቀው ነበር!» ትለኛለች። ውሸቷን አልነበረም። ትናንት ማታ ገጹ ፊቷ ነበር፤ ያወቀችው መሰላት።

ስለዚህ ክፍለ ጊዜው ሲጀመር አራት ጥያቄ መጠየቅ ጀመርኩ፤ አንዱ ከትናንት፣ ሁለቱ ካለፈው ሳምንት፣ አንዱ ካለፈው ወር። ደብተር ይዘጋል። አምስት ደቂቃ።

አበላሸሁት። ማርክ ያዝኩበት። በሦስተኛው ቀን ኩረጃው ጦፈ፣ የሚያረፍድም ልጅ በዛ። ማርኩን ስተወውና በሌላ ቀለም እስክርቢቶ ራሳቸው እንዲያርሙት ሳደርግ ነው ነገሩ የተረጋጋው። አሁን አንድ ልጅ ሲሳሳት «አሃ!» ሲል እሰማለሁ፤ ያቺን «አሃ» ለምንም አልለውጣትም።

ከዚያ የተለያዩ ዓይነት ጥያቄዎችን ቀላቅሎ ወደ ማሠራት ገባሁ። ሮረርና ቴይለር የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2007 ያሳተሙት ውጤት ለማመን ይከብዳል። የጠጣር ቅርጾችን ይዘት ማስላት የሚማሩ ተማሪዎች አንድ ዓይነት ጥያቄ በተከታታይ ሲሠሩ በልምምዱ ጊዜ 89 በመቶ አገኙ፣ ተቀላቅሎ የቀረበላቸው 60። ከሳምንት በኋላ በተሰጠው ፈተና ግን ተከታታዮቹ ወደ 20 ወረዱ፣ የተቀላቀለባቸው 63 አመጡ። ምክንያቱ ሲታይ ግልጽ ነው። ሃያ የስፋት ጥያቄ በተከታታይ የሚሠራ ልጅ ጥያቄውን ማንበብ አያስፈልገውም፤ ቁጥሮቹን አንስቶ ያባዛል፣ አለቀ። ሲቀላቀልበት ግን መጀመሪያ «ይሄ የምን ጥያቄ ነው?» ብሎ መለየት አለበት። ፈተና ላይ የሚጠፋውም ይኸው መለየቱ ነው።

ይህንን እያወቅኩ እንኳ ሁለተኛው ሳምንት ላይ ልተወው ደርሼ ነበር። የቤት ሥራ ውጤት አሽቆለቆለ። አንዲት እናት መጥተው «ልጄ ድሮ ሁሉንም ይሠራ ነበር፣ እርስዎ ምን አደረጉት?» አሉኝ። የተቆጡት እውነታቸውን ነው፤ በወረቀቱ ላይ የሚታየው የልጁ መድከም ነዋ። የ89ኙንና የ60ውን ነገር ነገርኳቸው፤ ብዙም አላሳመንኳቸውም፣ ግን የወሩን ፈተና እንዲጠብቁኝ ተስማሙ። አስቀድሜ ለወላጆች ማስረዳት ነበረብኝ። ጥፋቱ የኔ ነው።

እዚህ ላይ ታሪኩ ቢያልቅ ጥሩ ሰው ሆኜ እቀር ነበር። ግን ሰባኪ ሆንኩ። ስብሰባ ላይ አንድ ሰው አዲስ ዘዴ ሲያነሳ «ማስረጃውስ?» እያልኩ አፍ ማስያዝ ጀመርኩ። ኮምፒውተር ይዞ ማስታወሻ መጻፍም በኔ ክፍል ተከለከለ፤ በእጁ የጻፈ ጽንሰ ሐሳቡን የተሻለ ይረዳል የሚል የ2014 ጥናት አንብቤ ነበራ። በኋላ ሌሎች ተመራማሪዎች ሙከራውን ሲደግሙት ያ ብልጫ በግልጽ አልታየም። ይኸው፣ ፒራሚዱን ያመንኩበት ጭንቅላት ይህንንም ያለ ጥያቄ ውጦታል። ስለወደድኩት ብቻ! አንድ ጥናት ብቻዬን ይዤ ሕግ ማውጣት ያቆምኩት ያን ጊዜ ነው።

«ችሎታ ያድጋል ብሎ ማመን» በሚለው የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ የካሮል ድዌክ ሐሳብም እሳለቅ ነበር፤ ግድግዳ ላይ የሚለጠፍ መፈክር ሆኖ ስላየሁት። በ2019 የወጣው ትልቁ የአሜሪካ ጥናት ግን 12 ሺህ ገደማ የ9ኛ ክፍል ተማሪዎችን የያዘ ነው። ይህንኑ ሐሳብ ባስተማረ፣ አንድ ሰዓት በማይሞላ የኦንላይን ትምህርት ዝቅተኛ ውጤት የነበራቸው ልጆች አማካይ ውጤት (ከመቶ ሳይሆን ከ4 ገደማ የሚሰላው) በ0.1 ነጥብ ገደማ ከፍ ብሏል። ትንሽ ናት። ግን ወጪዋም ትንሽ ነው። ተአምር የሚላት ሰውም፣ እንደኔ የሚያላግጥባትም ቁጥሯን አላያትም ማለት ነው።

የሚያስቸግረኝ ነገር አሁንም አለ። ለጀማሪ ደረጃ በደረጃ ተሠርቶ ያለቀ ምሳሌ ማሳየት ይጠቅማል፤ ልጁ ከገባው በኋላ ግን ያው ምሳሌ ጊዜ ማባከኛ ይሆንበታል። ክፍል ውስጥ ሁለቱም ዓይነት ልጅ አጠገብ ለአጠገብ ተቀምጧል፤ መቼ ልተው፣ ለማን ልቀጥል? እስካሁን የማደርገው የዕለቱን አራት ጥያቄዎች አይቼ መገመት ነው፤ አንዳንድ ቀን እስታለሁ።

ጥያቄዎቹን የምጽፈው ከዚያን ጊዜ በተረፉት ባለቀለም ወረቀቶች ጀርባ ላይ ነው። ብዙ ናቸው፣ አያልቁም። ያ «አረንጓዴ ነኝ» ያለኝ ልጅ ባለፈው ቀይ ሲደርሰው ቀና ብሎ አየኝና ምንም ሳይል መሥራቱን ቀጠለ።