የወሎን ኦፓል በቆጠብኩት ውሃ አበላሸሁት

የድንጋይ መሞረጃና ማለስለሻ ማሽን ቤቴ ውስጥ ሠርቻለሁ። ይሠራል፣ እኮራበታለሁም። ግን አንድ ነገር አስቀድሞ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ ኖሮ የአጎቴን ልጅ ድንጋይ አላበላሽም ነበር። ይህን የምጽፈው ለዚያ ነው፤ በተለይ የወሎ ኦፓል፣ ሲያዞሩት ብዙ ቀለም የሚያብለጨልጨውን የከበረ ድንጋይ፣ ለመሥራት ላሰባችሁ።

የአጎቴ ልጅ ወሎ፣ ደላንታ ነው የሚኖረው፣ ወገል ጤና አጠገብ። እዚያ ኦፓል ከወጣበት ከ2000 ዓ.ም. ገደማ ጀምሮ ብዙ ወጣት ገደሉን እየፈለፈለ ነው የሚኖረው። እሱም አንዱ ነው። ጥሬውን ሸጦ የሚያገኘው ብርና ያው ድንጋይ ተሞርዶ ፒያሳ መስታወት ውስጥ ሲቀመጥ የሚጠራበት ዋጋ በፍጹም አይገናኝም። ማሽኑን እንድሠራ ያነሣሣኝ ይኸው ነው።

ብረታ ብረቱ ከባድ አይደለም። ሞተሩን ምናለሽ ተራ አገኘሁት። የድሮው ባለ ሁለት ገንዳ የልብስ ማጠቢያ ሞተር ነው፣ ከነኮንደንሰሩ። የአዲሶቹን አውቶማቲክ ማሽኖች ሞተር አትግዙ፤ ፍጥነታቸው ከልክ በላይ ነው፣ መቆጣጠሪያም ይፈልጋሉ። የኔው በደቂቃ 1400 ጊዜ ያህል ይዞራል። ሞተሩ ላይ 5 ሳንቲ ሜትር ፑሊ፣ ዘንጉ ላይ 10 ሳንቲ ሜትር አድርጌ በቺንጋ አገናኘኋቸውና ፍጥነቱን በግማሽ ቀነስኩት። ዘንጉን ቶርኖ ቤት አስወጣሁ። እግሩን ከአንግል ብረት አስበየድኩ። ዲስኮቹ 15 ሳንቲ ሜትር የሆኑ፣ የአልማዝ ዱቄት የተለበጡ ናቸው፤ 260፣ 600፣ 1200 እና 3000 ቁጥር። ቁጥሩ ከፍ ሲል ዲስኩ ይለሰልሳል። በሰው ከውጭ አስመጣሁ። ኧርዝ ሳታስሩ እንዳትሰኩት። 220 ቮልትና ውሃ አንድ ላይ እጃችሁ ሥር ናቸው።

አሁን ወደ ውሃው።

ድንጋይ በደረቁ አይሞረድም። ይግላል፣ ይሰነጠቃል፣ አቧራውም ሳንባ ይጎዳል። ስለዚህ ዲስኩ ላይ ሁልጊዜ ውሃ መንጠባጠብ አለበት። አንድ አጭር ሥልጠና ወስጄ ነበር። አሠልጣኙ «ውሃው በትንሽ ፓምፕ ከባልዲ ይውጣ፣ ዲስኩን አጥቦ ተመልሶ ባልዲው ውስጥ ይግባ» አለን። በታተመው መመሪያም ላይ እንደዚያው ተጽፎ ነበር። እኔ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው። ምክሩ ልቤ ውስጥ ገባ። አንድ ባልዲ ለሳምንት ይበቃኛል ብዬ ተደሰትኩ።

ከዲስኩ ሥር ውሃውን የሚቀበለውን ሣህን ከፕላስቲክ ሳፋ ሠራሁት። መሃሉን በስቼ ዘንጉን በቀዳዳው አወጣሁ። ከቀዳዳው ሥር ኩሽኔታው አለ። ሶማሌ ተራ 6204 ቁጥር ኩሽኔታ ስጠይቅ ሻጩ ሁለት ዓይነት አወጣልኝ፤ አንዱ የጎኑ መሸፈኛ ብረት፣ ሌላው ጎማ። «ያው ነው» አለኝ። ርካሹን፣ የብረቱን ወሰድኩ። ያው አይደለም። የብረቱ ሽፋን አቧራ ይከለክል ይሆናል እንጂ ውሃ አይከለክልም።

ውሃው በዘንጉ እየወረደ ኩሽኔታው ውስጥ ገባ። ግሪሱን እያጠበ ወደ ባልዲው አወረደው። ፓምፑ ደግሞ ያንኑ ውሃ መልሶ ዲስኩ ላይ አፈሰሰው። ባልዲው ላይ ስስ የቅባት ቆዳ ተንሳፍፎ አይቻለሁ። አይቼ ዝም ማለቴ ነው እስከ ዛሬ የሚያበግነኝ።

ሌላ ድንጋይ ቢሆን ጠርጌው አልፍ ነበር።  የወሎ ኦፓል ግን እንደ ስፖንጅ ነው። ውሃ ውስጥ ሲገባ ውሃውን ይጠጣል፣ ነጩ ገላው መስታወት ይመስላል፣ ብልጭታውም ይጠፋል። ቀስ ብሎ ሲደርቅ ሁሉም ይመለሳል። ይህን አውቅ ነበር። ያላሰብኩት፣ ውሃ የሚጠጣ ድንጋይ ውሃው ውስጥ ያለውንም እንደሚጠጣ ነው።

የአጎቴ ልጅ ያመጣልኝ ድንጋይ የአውራ ጣቴን ጫፍ ያህላል። ወተት የመሰለ ነጭ፣ ሲያዞሩት አረንጓዴና ቀይ እሳት የሚረጭ። ሦስት ማታ ሠራሁት። ቅርጹ አማረ። ለስላሳ ጨርቅ ውስጥ ጠቅልዬ ከፀሐይ አርቄ አስቀመጥኩት። በአምስተኛው ቀን ፈታሁት። ደርቋል፤ ግን ነጭ አይደለም። ቀጭን ሻይ የፈሰሰበት ይመስላል። እሳቱ ጭጋግ ለብሷል። ቅባት የሚያሟሟ ፈሳሽ፣ አሴቶን ውስጥ ደጋግሜ ነከርኩት። ጭጋጉ ትንሽ ሳሳ፣ ቡናማው ግን አልለቀቀም።

የአጎቴ ልጅ ሲመጣ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። አገላበጠው። የስልኩን መብራት አብርቶ ከሥር ያዘበት። ረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከዚያ «ይሄ የኔ አይደለም» አለ። ለወጥከው ማለቱ ነበር። ዋጋውን ከፈልኩት። ያችን ቃል ግን እስካሁን አልረሳኋትም።

በኋላ ቁጭ ብዬ አሰብኩ፤ ውሃውን ከማዞር ይልቅ ከጀሪካን ማንጠባጠብ ይቻል ነበር። የሐኪም ቤት ግሉኮስ ማንጠባጠቢያ አንድ ሚሊ ሊትር በ20 ጠብታ ነው የሚያወርደው። በሴኮንድ ሁለት ጠብታ ቢወርድ በሰዓት 360 ሚሊ ሊትር ነው። ባለ 5 ሊትር ጀሪካን ከ13 ሰዓት በላይ ያሠራል! ለሻካራው ዲስክ እጥፍ ባደርገው እንኳ የአንድ ቀን ሥራ ይሸፍናል። ፓምፑም፣ ባልዲውም፣ ቁጠባውም ምንም አያስፈልጉም ነበር። ይህን የወረቀት ሒሳብ የሠራሁት ድንጋዩ ከተበላሸ በኋላ ነው።

እና መመሪያው የፈለገውን ይበል፤ ለወሎ ኦፓል ውሃ አታዙሩ። ንጹሕ ውሃ ከላይ ይንጠባጠብ፣ የወረደው ይደፋ። ሳፋውን ጥዬ መሃሉ ጉብ ያለ ቀዳዳ ያለው የኬክ መጋገሪያ ገዛሁ። ዘንጉ በጉብታው ውስጥ ያልፋል፤ ውሃው ዙሪያውን ይቀራል። ከዲስኩ ሥር ደግሞ ዘንጉ ላይ የተገለበጠ የፕላስቲክ ክዳን አጠበቅኩ፤ አብሮ እየዞረ ጠብታውን ከጉብታው ውጭ ይረጫል። ኩሽኔታውን በጎማው ቀየርኩ። ለማወልወያ የሚሸጠውን የአልማዝ ቅባት ስትገዙም በዘይት የተለወሰ አለመሆኑን ጠይቁ። ድንጋዩን ለመያዣ እንዲሆናችሁ ምስማር ላይ በሞቀ ሰም አጣብቁ የሚሏችሁንም አትስሙ፤ ሙቀቱ ኦፓሉን ይሰነጥቀዋል። እኔ በሱፐር ግሉ ነው የማጣብቀው።

ባለፈው ወር የአጎቴ ልጅ ሌላ ድንጋይ ይዞ መጣ። ትቶልኝ አልሄደም። ኩርሲ ስቦ ማሽኑ አጠገብ ተቀመጠና ከ260 እስከ 3000 ዓይኑን ሳይነቅል አየ። ጀሪካኑን የሞላውም እሱ ራሱ ነው።