«ሌን ሊቀንሱብን ነው» ላሉኝ የሬኒየር ጎረቤቶቼ

ሲያትል የኖረ ሐበሻ ሬኒየር አቬኑን ያውቀዋል። ምግብ ቤቱ፣ እንጀራ የሚሸጥበት ሱቅ፣ ፀጉር ቤቱ ብዙው እዚያው መንገድ ላይ ነው፤ ካልሆነም ጥጉን ዞር ሲሉ ይገኛል። 7 ቁጥር አውቶቡስ ከመሐል ከተማ ተነስቶ እስከ ሬኒየር ቢች የሚወርድበትም እሱ ነው። በከተማው አደጋ ከሚበዛባቸው መንገዶች አንዱም እሱ ነው። በአማካይ በቀን ከአንድ በላይ ግጭት ይደርስበት ነበር። መኪና ከመንገድ ወጥቶ ሱቅ ጥሶ የገባበት ጊዜም አለ።

በ2015 (ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው) ኮሎምቢያ ሲቲና ሂልማን ሲቲ የሚባሉት ሰፈሮች ላይ ያለው የሬኒየር ክፍል ተቀየረ። አራት ሌን (የመኪና መሄጃ ረድፍ) የነበረው መንገድ በየአቅጣጫው አንድ አንድ ሌን ሆነ። መሐሉ ወደ ግራ ለሚታጠፍ መኪና ተሰጠ። ፍጥነቱም ከ30 ማይል ወደ 25 ወረደ። ከዚያ ከተማው «ወደ ደቡብ እስከ ሄንደርሰን መንገድ እንቀጥል» ሲል ሰፈሩ ታመሰ። እኔም የገባሁበት ያኔ ነው።

ሥራዬ ሹፍርና ነው። እንጀራዬ መንገድ ላይ ነው። ሌን ይቀነስ ብዬ መከራከር ስጀምር ጓደኞቼ «ምን ነካህ? ሳይክል ገዛህ እንዴ?» አሉኝ። ቡና ቤት ውስጥ የሚባለው ብዙ ነበር። «ሌን ሊቀንሱብን ነው።» «ይሄ ለሳይክል ነጂ ፈረንጅ ነው።» «ቀስ በቀስ እኛን ማስወጫ ነው።» ይህችን የመጨረሻዋን በቀላሉ ማለፍ አይቻልም። ማርቲን ሉተር ኪንግ መንገድ ላይ የከተማው ባቡር ሲገነባ ስንት ሱቅ እንደተጎዳ ሰው አይቷል። ባቡሩ በ2009 ሥራ ጀመረ፤ ከዚያ ወዲህ ኪራዩ ወዴት እንደሄደም አይቷል። ከተማው «አይዟችሁ» ሲለው የሚጠራጠር ነጋዴ ምክንያት አለው።

ስለዚህ ሰው ጋ ስሄድ ቁጥር ይዤ አልሄድኩም። ቁጥር አልነበረም ማለት አይደለም። የፌዴራሉ አውራ ጎዳና አስተዳደር እንዲህ ያለ ለውጥ አደጋን ከ19 እስከ 47 በመቶ እንደሚቀንስ ይናገራል። ግን ጤፍ የሚሸጥ ሰው ሱቅ ገብቶ በመቶኛ ማውራት ምርጫ ቅስቀሳ ይመስላል። ይልቅ ሰዎቹን አንድ በአንድ ወደ ውጭ ይዣቸው ወጣሁ።

የመጀመሪያው ጋሼ ናቸው። ሸቀጣ ሸቀጥ ቤት አላቸው። በሰፈሩ ሐበሻ ዘንድ እሳቸው ያሉት ይሰማል። ከሥራ መውጫ ሰዓት ላይ ማኪያቶ ይዤላቸው «ጋሼ፣ አሥር ደቂቃ ብቻ አብረውኝ ይቁሙ» አልኳቸው። እያጉረመረሙ ወጡ። ጥጉ ላይ ቆምን።

አንዲት ቶዮታ በውስጠኛው ሌን መጥታ የግራ ፍሬቻ አሳይታ ቆመች። ከፊት የሚመጣው አላሳልፍ ብሏታል። ከኋላዋ አንድ፣ ሁለት፣ አምስት መኪና ተደረደረ። ትዕግሥት ያለቀበት ወደ ቀኝ ሌን ዘው ይላል፤ እዚያ ያለው ፍሬን ይይዛል፣ ጡሩንባ ይነፋል። ቶዮታዋ ታጥፋ ሳትጨርስ 7 ቁጥር መጥቶ በቀኝ በኩል ፌርማታው ላይ ቆመ። አሁን ሁለቱም ሌን ዝግ ነው። ጋሼ ዝም ብለው አዩና «እንዴ፣ ይሄማ ድሮም አንድ ነው!» አሉ። በየአቅጣጫው ሁለት ሌን አለን ብለን የምንጣላለት መንገድ፣ አንድ ሰው ወደ ግራ ልታጠፍ ባለ ቁጥር አንድ ይሆናል። መሐሉ ለታጣፊ ሲሰጥ የሚሄደው ይሄዳል፣ የሚታጠፈው ቆሞ ይጠብቃል።

ቀጥሎ ያየነው ግን ከዚህ ሁሉ ይበልጣል። ነጠላ የለበሱ እናት የገበያ ጋሪ እየገፉ መብራት የሌለው ዜብራ ላይ ቆሙ። በቀኝ ሌን ያለ ቫን ጨዋ ሆኖ ቆመላቸው፤ በእጁም «እለፉ» አላቸው። እሳቸውም አመኑት። ቫኑ ረጅም ስለሆነ በውስጠኛው ሌን የሚመጣው መኪና አላያቸውም፣ እሳቸውም አላዩትም። የቫኑን አፍንጫ ሲያልፉ ያ መኪና ጋሪው ፊት ሽው ብሎ አለፈ። አልነካቸውም። ጋሼ ግን «እማማ!» ብለው ጮኹ። በአራት ሌን መንገድ ላይ እግረኛ ብዙ ጊዜ የሚገጨው እንዲህ ነው። የሚገድልህ ከቆመልህ ሰው ጎን የሚመጣው ነው። በየአቅጣጫው አንድ ሌን ብቻ ሲሆን ያ ጎን የለም።

ከዚያ ወዲያ ነው ቁጥር ያወራሁት። ከ2015ቱ ለውጥ በኋላ ከተማው ባወጣው ግምገማ በዚያ ክፍል ግጭት 15 በመቶ፣ ጉዳት ደግሞ 31 በመቶ ቀንሷል። ጋሼ ይህን ሰምተው «እሺ» አላሉም። «ጤፉስ የት ይራገፋል?» ነው ያሉት።

እንግዲህ ሥራው የተጀመረው እዚህ ላይ ነው። የጤፉ መኪና ጠዋት ጠዋት በቀኝ ሌን ላይ ድርግም የሚለውን መብራት አብርቶ ይቆማል። ሁለት ሌን እያለ ሰው እየተሳደበም ቢሆን ዞሮት ያልፋል። አንድ ሌን ሲሆንስ? ጥያቄው እውነተኛ ነው፤ መልስ ግን አለው፣ የማራገፊያ ቦታ። ሌሎቹም ሱቆች ጋ ስዞር «ትደግፋለህ ወይስ ትቃወማለህ?» ብዬ አልጠየቅኩም። «በርህ ላይ ምን ይቸግርሃል?» ነው ያልኩት። ፀጉር ቤቷ ፓርኪንግ አለች። ምግብ ቤቱ የዲሊቨሪ ልጆች ለአምስት ደቂቃ የሚቆሙበት አለ። አንድ አዛውንት ፌርማታው እንዳይርቅባቸው ፈሩ። ሁሉንም በአንድ ገጽ ጻፍኩት። ማንም ሰው «ሌን አይቀነስ» ብሎ አላስጻፈኝም፤ አንድ ሹፌር ጓደኛዬ ሲቀር።

ስብሰባው ሌላ ጣጣ ነው። ከተማው ሥራ ቀን ማታ ይጠራል። የኛ ሰው ያኔ ወይ ኤርፖርት ተሳፋሪ እየጠበቀ ነው ወይ ፈረቃ ሊገባ ነው። ከዚያ «ማኅበረሰቡ አልመጣም» ይባላል። እኔም የከተማውን መሐንዲስ ቅዳሜ ጠዋት ቡና ቤት ጋበዝኳት። መጣች፤ ይህን ልክድባት አልችልም። ትልቅ የመንገዱን ካርታ ጠረጴዛ ላይ ዘረጋች፣ ስኒዎቹ ወደ ጎን ሄዱ። ጋሼ በጣታቸው በራቸውን ፈልገው አገኙና «እዚህ» አሏት። እኔ እያስተረጎምኩ፣ እሷ በእርሳስ ምልክት እያደረገች። ስለ አደጋ ማንም አላወራም ማለት ይቻላል። ሰዓቱ ሁሉ ያለቀው በእግረኛ መንገዱ ጠርዝ ላይ ማን የት ይቆማል በሚለው ነው። ክርክሩ ከሜዳው ወጥቶ ወደ ስንዝር ሲወርድ ሰው ይስማማል።

ሹፌሮቹን «ሰዓት አይጨምርም» ብዬ አልሸነገልኩም። በመውጫ ሰዓት ትንሽ ይጨምራል፤ እኔም ራሴ እነዳዋለሁ። ያ ጓደኛዬ «እኔ ውስጥ ለውስጥ አቋርጣለሁ፣ ሌላውም ያቋርጣል» አለ። እውነቱን ነው። ልጆች የሚጫወቱበት ጠባብ መንገድ ላይ ሹፌር እንዲሮጥ ማንም አይፈልግም። ስለዚህ የፍጥነት መቀነሻ ጉብታ ጥያቄም ገጹ ላይ ገባ። እሱ ግን እስከ መጨረሻው አልተቀበለኝም፤ ዛሬም ሲያገኘኝ «የሌን ቀናሹ» ነው የሚለኝ።

በ2019 አዲሱ የሌን አከፋፈል ወደ ደቡብ ወረደ። ከጠየቅነው ሁሉ አልተሰጠንም፤ ከፓርኪንጉ የሄደ አለ። የጤፉ መኪና ግን ከሱቁ ጎን ባለው መንገድ ላይ ቦታ አገኘ።

አሁን ደግሞ አዲስ ጣጣ መጥቷል። ችኩሎቹ የመሐሉን የመታጠፊያ ሌን መቅደሚያ አድርገውታል። ፊት ያለው ሰው 25 ሲነዳ በመሐል ዘለው ያልፋሉ፤ ይህ ከድሮው ይብሳል የሚሉም አሉ። ቡና ቤት ውስጥ መሐሉ ላይ የድንጋይ ደሴት ይሠራ የሚል ሐሳብ ተነስቷል። ጋሼ ተቃውመዋል። ደሴት ከተሠራ የጤፉ መኪና ወደ ግራ መታጠፍ አይችልም ነው የሚሉት። መሐንዲሷን እንደገና ጥራልኝ ብለውኛል።