ዋስ ሁኚኝ ስትለኝ

ነሐሴ ገና ከመግባቱ ዝናቡ አላባራ ብሎ፣ ዛሬ ቀኑን ሙሉ ቤት ተቀምጬ አንድ ሥራ ሳልነካ መሸብኝ። ይህ ወር ሁልጊዜም ያስተክዘኛል፤ የዛሬው ትካዜ ግን ከጨለማው ብቻ የመጣ አልመሰለኝም። ትናንት ማታ ታናሻችን ደውላ «እትዬ፣ ዕቁቡ ደረሰኝ፤ ዋስ ሁኚኝ» ብላኛለች። ብሩን ተቀብላ ከምትሠራበት መሥሪያ ቤት ልትለቅና ሽሮ ሜዳ ላይ የባህል ልብስ ሱቅ ልትከፍት ነው።

እንኳን ደስ ያለሽ አልኳት፤ ከልቤም ደስ ብሎኛል። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ግን «ዋስ» የሚለው ነገር አብሮኝ ቀረ። ዕቁብ መጀመሪያ ላይ የደረሰው ሰው የሚወስደው ገና ያልጣለውን የሌሎችን ገንዘብ ስለሆነ፣ ዳኛውና ጸሐፊው ዋስ ሳያስፈርሙ አያስረክቡም። እሷ አንድ ሳምንት ባትጥል ወደ እኔ ይመጣሉ ማለት ነው። ባንክ ብትሄድ ቤት ወይም መኪና አስይዢ ይሏታል፤ ሁለቱም የላትም። ልታስይዝ የምትችለው እኔን ብቻ ነው።

ሥራውን ጥሎ የራሱን ነገር ጀምሮ የተሳካለትን ሰው ታሪክ ስንሰማ አብዛኛውን ጊዜ ብቻውን ቆሞ ነው የምናየው። እኔ በቅርብ ከማውቃቸው መካከል ግን ብቻውን የደፈረ አላገኘሁም። አንዱ እናቱ የአንገት ወርቋን ሸጣለታለች፤ ሌላዋን ባሏ በአንድ ደመወዝ ቤቱን ይዞ አሻግሯታል፤ ሌላውን ወንድሙ የቤት ኪራዩን ከፍሎለታል። እነዚህ ሰዎችም የሚያጡት ነገር ነበራቸው። የራሳቸው ባልሆነ ሕልም ላይ ያላቸውን አስቀምጠዋል፤ ያ ድፍረት ሲነገርለት ሰምቼ አላውቅም።

እናታችን እንደተለመደው የቆጡን አወርድ ብላ የብብቷን ስለጣለችው ሴት አስታወሰቻት። አልፈርድባትም፤ ደመወዝ ማለት ለእሷ ትውልድ ትልቅ ነገር ነው። ነገር ግን ብብት ውስጥ ያለውም እንደተቀመጠ እንደማይቆይ እነዚህ ዓመታት አሳይተውናል። በጥቅምት 2010 ዓ.ም. ብር በ15 በመቶ እንዲዳከም ሲደረግ የቁጠባ ዝቅተኛ ወለድ ከ5 ወደ 7 በመቶ ከፍ ብሎ ነበር፤ ከዚያ በኋላ የገበያው ዋጋ ወለዱን ጥሎት ሄደ። በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪው ለገበያ ሲለቀቅ ደግሞ ሃምሳ ሰባት ብር አካባቢ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከመቶ ብር አለፈ። እኔ በባንክ ደብተሬ ላይ ያለውን ቁጥር ነክቼው አላውቅም፤ ያ ቁጥር ይገዛው የነበረውን ግን ዛሬ አይገዛም። ስለዚህ «ባለሽበት ርጊ» የሚል ምክር ልሰጣት አፌ አልታዘዝ አለኝ።

ባለፈው እሑድ ደብተሯን አሳይታኝ ነበር። የዓመቱን ሳምንታት በሙሉ በተርታ ጽፋ፣ ከእያንዳንዱ አጠገብ ስንት እንደምትሸጥና ዕቁቡን ከየት እንደምትጥል አስፍራለች። አሁን ካልተነሳች ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል አትደርስም። ድርና ማጉ በእጅ በእጅ ይገዛል፤ ከጋሞ ደጋ የመጡት ሸማኔዎች ቀብድ ይፈልጋሉ፤ ጥለቱ ሥራ የበዛበት ከሆነ ቀሚሱ ቶሎ ከሸማኔው ዕቃ አይወርድም። ከመስቀል በኋላ ገበያው ይቀዘቅዝና ለገና፣ ለጥምቀትና ለጥር ሠርግ መልሶ ይሞቃል። ከዚያ ዐቢይ ጾም ይገባል። ሃምሳ አምስት ቀን ሠርግ የለም፤ የዕቁቡ ሳምንት ግን ጾም አያውቅም፣ ይጣላል። እነዚያን ሳምንታት በቀይ እስክሪብቶ ከብባ፣ የጥር ሽያጭ ላይ እጇን ሳታስገባ እንደምታስቀምጥላቸው ከጎናቸው ጽፋለች። ሰው ሱቅ ሊከፍት ሲያስብ መጀመሪያ ትርፉን እንደሚያሰላ ነው የማውቀው፤ እሷ ግን የሚርባትን ጊዜ ነው አስቀድማ የቆጠረችው። እኔን ያሳመነኝ ይኸው ነው።

ቢሆንም ያቺ ቀይ መስመር ከዓይኔ አልጠፋ አለች። ቤተሰብ ውስጥ ሰው ሲሞት ምን እንደምናደርግ እናውቃለን፤ ዕድሩ ድንኳን ይጥላል፣ ወንበሩና ድስቱ ይመጣል፣ ጎረቤት ንፍሮ ይቀቅላል፣ ሐዘንተኛው ቀና እስኪል ለብቻው አይተውም። አንድ ሰው ሲከስር ግን የዚህ ግማሽ እንኳ የለንም። ድምፃችንን ዝቅ አድርገን እናወራበታለን፤ እሱም ከቡና ቀርቶ ስልኩን ማንሳት ያቆማል። አዲሱ የንግድ ሕግ፣ አዋጅ ቁጥር 1243/2013፣ ችግር የገጠመው ነጋዴ ከመክሰሩ በፊት ዕዳውን መልሶ የሚያደራጅበትን መንገድ ከፍቷል፤ አንድ ሰው ብቻውን ኃላፊነቱ የተወሰነ ማኅበር እንዲያቋቁምም ፈቅዷል። ትልቅ ነገር ነው። ዕቁብ ላይ የፈረመችን እህት ግን ይህ ሁሉ አያገኛትም፤ የዋስ ወረቀቱ «በአንድነትና በነጠላ» ብሎ ሁለታችንንም አብሮ ይይዘናል።

እፈርማለሁ፤ በዚህ አላመነታም። ብሩን ብከፍልም እከፍለዋለሁ፤ ከባድ ይሆናል እንጂ አልሞትም። የሚያስጨንቀኝ ሌላ ነው። ይህች ልጅ ከሕፃንነቷ ጀምሮ ፈተና ሲከብዳትም፣ ከአለቃዋ ስትጋጭም፣ ከዚያ ሰው ጋር ስትለያይም መጀመሪያ የምትመጣው ወደ እኔ ነው። ከመጋቢት ሳምንታት በአንዱ ሱቁ ውስጥ ተቀምጣ ሰው ሳይገባላት ቢመሽና የዕቁቡ ቀን ቢደርስ፣ የእሷ መውደቅ የእኔም እንደሆነ ስለምታውቅ እንዳልደነግጥባት ብላ ትደብቀኝ ይሆናል። ዋሷ ባልሆን ኖሮ ያን ማታ የምትደውለው ለእኔ ነበር። አሁንስ ለማን ትነግራለች?