34 ገጽ የእድር ደንብ ከድሮ ፎንት ሳወጣ የተማርኩት

ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እሑድ የእድራችንን መተዳደሪያ ደንብ ጨርሼ ለኮሚቴው በቴሌግራም ላክሁ። 34 ገጽ ነው። አሁን ስልክ ላይም ኮምፒውተር ላይም ይነበባል፣ ቃል ሲፈለግበትም ያገኛል። ሦስት ወር ፈጅቶብኛል፣ ግን በጣም ደስ ብሎኛል። አንድ ሰው እንኳ ይህን ሁሉ ጊዜ እንዳያባክን ብዬ ነው የምጽፈው።

የምኖረው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም ነው። እድሩ ግን ከድሮ ሰፈራችን ይዘነው የመጣነው ነው። ጸሐፊ ሆኜ ስመረጥ የተረከብኩት ማህተም፣ ሁለት ደብተርና አንድ ፍላሽ ነበር። ወርድና ኤክሴል እችላለሁ፣ ከዚያ ያለፈ የኮምፒውተር ትምህርት የለኝም።

ፍላሹ ላይ ያሉት ፎልደሮች ሁሉ ሾርትከት ሆነው ነው ያገኘኋቸው። ይሄን ብዙዎቻችሁ ታውቁታላችሁ። ሾርትከቱን ሳልነካ ቫይረሱን በዊንዶውስ ዲፌንደር አጸዳሁ፣ ከዚያ በጥቁሩ የትዕዛዝ መስኮት አትሪብ በምትባለው ትዕዛዝ የተደበቁትን ፎልደሮች ገለጥኳቸው። ቫይረሱ ፋይሎቹን ይደብቃቸዋል እንጂ አያጠፋቸውም። ስለዚህ «ፎርማት አድርጊው» የሚላችሁ ሰው ቢመጣ እባካችሁ አትስሙት።

የደንቡን ፋይል ስከፍተው ግን የፈረንጅ ፊደልና ምልክት የተደበላለቀበት ነገር ወጣ። አንድም የአማርኛ ቃል የለም።

ነገሩ እንዲህ ነው። ፊደላችን በዩኒኮድ ውስጥ፣ ማለትም ለዓለም ፊደሎች ሁሉ የየራሳቸውን ቁጥር በሚሰጠው የኮምፒውተር ሥርዓት ውስጥ፣ የራሱን ቦታ ያገኘው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ በፊት፣ ከዚያም በኋላ ለብዙ ዓመት፣ የግዕዝ ፎንቶች የሚሠሩት የአማርኛውን ቅርጽ በላቲን ፊደል ቦታ ላይ በማስቀመጥ ነበር። ፋይሉ ውስጥ ያለው የላቲን ፊደል ነው፤ አማርኛ የሚያስመስለው ፎንቱ ነው። ፎንቱ የሌለበት ኮምፒውተር ላይ ሲከፈት እውነተኛው ይወጣል። ደግሞም 33ቱ ፊደል በሰባት ቤት 231 ይሆናል፣ ዲቃላዎቹ፣ ቁጥሮቹና ሥርዓተ ነጥቡ ሲጨመሩበት አንድ የድሮ ፎንት ከሚይዛቸው 256 ቦታዎች ያልፋል። ስለዚህ ፊደሉን በሁለትና ሦስት ፎንት ይከፋፍሉት ነበር። የአንድ ቃል ግማሹ በአንዱ፣ ግማሹ በሌላው ፎንት ተጽፎ ታገኙታላችሁ።

መጀመሪያ ፎንቱን ፈልጌ ጫንኩ። ከታች መንገድ ዳር ያለ የኮምፒውተር ጽሑፍ ቤት የሚሠራ ልጅ በፍላሽ ገለበጠልኝ። ላፕቶፔ ላይ ቁልጭ ብሎ ወጣ። ወዲያው ለእድሩ ዳኛ ላክሁላቸው። ማታ ደወሉልኝ፦ «ልጄ፣ የላክሽልኝን ማንበብ አልቻልኩም፣ ፊደሉ የኛ አይደለም። እኔ የፈለግኩት ስለ ቀብር ወጪ የሚለውን አንቀጽ ብቻ ነበር።» «ይቅርታ ጋሼ፣ አስተካክዬ እልክልዎታለሁ» አልኳቸው። ለካ ፎንቱ የኔ ኮምፒውተር ላይ እንጂ የሳቸው ስልክ ላይ የለም።

ቀጥሎ ፒዲኤፍ አደረግኩት። ፒዲኤፍ ፎንቱን ይዞ ስለሚሄድ ስልክ ላይ በደንብ ታየ። ብዙ ሰው እዚህ ላይ ያቆማል፣ እኔ ግን በዚህ አልስማማም። «ቀብር» ብላችሁ ፈልጉበት፣ ምንም አያገኝም። ውስጡ አሁንም ላቲን ነው። ኮፒ ብታደርጉትም ያው ዝብርቅርቁ ነው የሚወጣው።

ከዚያ በወርድ ፈልግና ተካ ልሠራው ተነሳሁ። የትኛው ምልክት የትኛው ፊደል እንደሆነ በደብተር ላይ ሠንጠረዥ አወጣሁ። በየማታው ሁለት ሁለት ሰዓት፣ ሁለት ሳምንት ሙሉ። አንድ ቀን ግን ስተካ የፎንቱን ስም መምረጥ ረሳሁ። ያው ምልክት በአንደኛው ፎንት ሌላ ፊደል፣ በሁለተኛው ሌላ ፊደል ነው፤ ወርድ ሁለቱንም አንድ አድርጎ ተካቸው። በማግስቱ ነው ያስተዋልኩት፣ ሴቭ አድርጌው ነበር። ዋናው ፍላሹ ላይ ባይኖር ኖሮ የእድሩ ደንብ በኔ እጅ ይጠፋ ነበር። አሁን ማንኛውንም ሥራ ስጀምር ኮፒ አውጥቼ፣ ቀን ጽፌበት፣ ዋናውን ሌላ ቦታ አስቀምጬ ነው።

በመጨረሻ የሠራልኝ ከምስል ላይ ጽሑፍ የሚያነብ ፕሮግራም ነው። ቴሰራክት ይባላል። ነፃ ነው፣ አማርኛ ያነባል፣ ከጫናችሁት በኋላ ኢንተርኔት አይፈልግም። ብቻውን በትዕዛዝ መስኮት ነው የሚሠራው፤ ጂ ኢሜጅ ሪደር የሚባለውን ከጫናችሁ ግን እንደማንኛውም ፕሮግራም በማውስ ታዙታላችሁ። የአማርኛውን ፋይል ለብቻው ማውረድ እንዳትረሱ። ወረቀት ስካን አላደረግኩም። የሠራሁትን ፒዲኤፍ ወደ ምስል ቀየርኩት፣ ምክንያቱም ከፒዲኤፍ የሚወጣ ምስል እድፍም እጥፋትም የለውም። በ150 ዲፒአይ (የምስል ጥራት መለኪያ ነው) ሞክሬው ብዙ ስህተት ነበረው። 300 ሳደርገው በጣም ተሻሻለ።

ተሻሻለ እንጂ አልጠራም። ለ እና ሰ ይምታቱበታል። «ለቀብር» የሚለውን አንድ አምስት ቦታ «ሰቀብር» ብሎታል። ስለዚህ ልጄ ከወረቀቱ ጮክ ብላ እያነበበች እኔ ስክሪኑን እየተከተልኩ 34ቱንም ገጽ አረምን። ለማረም ከዚህ የተሻለ ዘዴ አላየሁም። ብቻችሁን ስታነቡ ዓይናችሁ ስህተቱን አስተካክሎ ያልፈዋል።

አሁን ከሁሉ በላይ ያንገበገበኝን ልንገራችሁ። ዜሮ።

ድሮ የጻፈው ሰው በዜሮ ፈንታ ዓይኑን ዐ ነበር የሚጠቀመው። «50 ብር» የሚመስለው ነገር በእውነቱ «5ዐ ብር» ነው። በዓይን አይለይም። ለኮምፒውተሩ ግን ዐ ፊደል ነው። የአባላት መዋጮ ኤክሴል ላይ ስደምር ከደብተሩ 600 ብር ጎደለኝ። ሌሊት ተቀምጬ አንድ በአንድ ቆጠርኩ። አሥራ ሁለት ሰዎች መስመር ላይ «5ዐ» ተጽፎ ነበር፣ ኤክሴል ደግሞ ፊደል ያለበትን ሳጥን ሳይናገር ዘሎት ያልፋል። ምልክቱን አሁን አውቄዋለሁ፦ ማንም አሰላለፉን ካልነካው ቁጥር በሳጥኑ ቀኝ በኩል ይቆማል፣ ፊደል ያለበት ግን ወደ ግራ ይጠጋል። የናንተም ሒሳብ አልገጥም ካለ መጀመሪያ ይሄን እዩ።

ደንቡ ላይ ሁሉንም ዐ በዜሮ መተካት አይቻልም፣ «ዐዋጅ» እና «ዐይን» አሉና። ሊብሬኦፊስ በሚባለው እንደ ወርድ ያለ ነፃ ፕሮግራም ውስጥ የፈልግና ተካ መስኮት ላይ ሬጉላር ኤክስፕሬሽን የሚል ምርጫ አለ። በሱ «ከአሃዝ ቀጥሎ የመጣውን ዐ ብቻ» ብሎ ማዘዝ ይቻላል። «5ዐዐ» ዓይነት ካለ ሁለት ጊዜ ማስኬድ ነው፣ የመጀመሪያው ዙር አንዱን ዐ ብቻ ይቀይራልና።

አራት ነጥብም እንዲሁ። እባካችሁ ሁለት ነጥብን ሁለቴ መትታችሁ ፡፡ አታድርጉ። ። ራሱን የቻለ አንድ ምልክት ነው። ሁለት ሁለት ነጥብ ስትጽፉ በአንዳንድ ፕሮግራም መስመር ሲያልቅ ሊከፈልና ግማሹ በሚቀጥለው መስመር መጀመሪያ ላይ ሊቆም ይችላል። እኔ የምጽፈው በኪማን ነው፤ ነፃ ነው፣ ያለ ኢንተርኔት ይሠራል፣ እንደ ድምፁ በላቲን ስትመቱ አማርኛውን ያወጣል። ዛሬ ላይ ለአማርኛ መጻፊያ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም ባይ ነኝ። የድሮ ፎንት ዛሬም እየጫነ ደብዳቤ የሚጽፍ መሥሪያ ቤት ሳይ ደግሞ ያናድደኛል፣ ከአሥር ዓመት በኋላ ያንን ፋይል የሚከፍተው ሰው ያሳዝነኛል።

«እድር» እና «ዕድር»ም ተደበላልቆ ነበር፣ አንዱን ስትፈልጉ ሌላውን አያገኝም። ሁሉንም «እድር» አድርጌዋለሁ።

ሌሎች የጠቀሙኝን ነገሮች ባጭሩ። ኤቭሪቲንግ የሚባለው ፈላጊ ትንሽዬ ነው፣ የፋይል ስም መጻፍ ገና ስትጀምሩ ፋይሉን ያመጣላችኋል። ሎካልሴንድ የሚባለው ፕሮግራም ፋይል ከስልክ ወደ ላፕቶፕ በዋይፋይ ይልካል፣ የኢንተርኔት ጥቅል አይበላም፤ ከሱ በኋላ ፍላሽ ከሰው ኮምፒውተር ላይ መሰካት ትቻለሁ። መብራት በሚሄድበት ማታ ደግሞ ዋይፋዩን የያዘልኝ ሚኒ ዩፒኤስ የሚባለው ትንሽ ባትሪ ነው። ስትገዙ ግን የዋይፋይ ሳጥናችሁን ቮልት አንብቡ። የኔ 12 ቮልት ነው፣ መጀመሪያ ሳላይ 9 ቮልት ገዝቼ መልሼዋለሁ። የላፕቶፔ ባትሪ ደካማ ስለሆነ አውቶሴቩን ወደ አንድ ደቂቃ አውርጄዋለሁ።

ለእድሩ ዳኛ አዲሱን ፋይል ስልካቸው ላይ ከፍቼ «ቀብር» ብለው እንዲጽፉ አሳየኋቸው። አንቀጹ ወጣ። መነጽራቸውን አውልቀው ጠራረጉና ደግመው ጻፉት።

የቀረኝ ከደንቡ ጀርባ ያለው የመዋጮ ሠንጠረዥ ነው። ቴሰራክት መስመሮቹን እያደባለቀ አስቸግሮኛል፣ ስለዚህ በእጄ እየጻፍኩት ነው፣ ግማሽ ደርሻለሁ። ሠንጠረዥ በደንብ ያስነበበ ካላችሁ ዘዴውን ንገሩኝ።